በሰው አገር፦ ንብረትን መጠበቅ፣ ሰውን አለመፍራት

ኬፕ ታውን አውሮፕላን ማረፊያ ወርዳችሁ ወደ መሀል ከተማ የሚወስደውን ኤን 2 አውራ ጎዳና ስትይዙ፣ ከመንገዱ ዳር ተደጋግፈው የቆሙ የቆርቆሮና የጣውላ ቤቶች ታያላችሁ። ጣሪያው ንፋስ እንዳይወስደው ድንጋይና አሮጌ ጎማ ተጭኖበታል። ትንሽ ቆይቶ ተራራው፣ ባሕሩ፣ የመዋኛ ገንዳ ያላቸው ቪላዎች ይመጣሉ። እኔን የጫነኝ ሾፌር የቆርቆሮ ቤቶቹ ጋ ስንደርስ መስኮቱን ዘጋና "እዚህ አይቆምም" አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም። እኔም ቦርሳዬን ወደ ደረቴ ሳብኩ፤ ፊቴንም ወደ ሌላኛው መስኮት አዞርኩ።

ቦርሳዬን መያዜ ትክክል ነበር። ፊቴን ማዞሬ ግን እስከ ዛሬ ይከነክነኛል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ሁለቱን ነገሮች ለመለየት ነው። ለገንዘቡ፣ ለስልኩና ለፓስፖርቱ አስቀድሞ መላ ያበጀ ሰው፣ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ እንደ ሌባ ማየት አያስፈልገውም። ጥንቃቄውን ቤታችሁ ከጨረሳችሁ፣ እዚያ ስትደርሱ ዓይናችሁ ነፃ ይሆናል።

1. ከተማዋን በሰፈርና በሰዓት ለዩ

"እዚያ አገር ወንጀል ብዙ ነው" የሚል ምክር አይጠቅምም። የት ሰፈር? በስንት ሰዓት? ምን ዓይነት ወንጀል? ፓሪስ ሜትሮ ውስጥ ወይም ባርሴሎና ላ ራምብላ ላይ የሚያሰጋችሁ ኪስ አውላቂ ነው። ጆሃንስበርግ ላይ ደግሞ የትራፊክ መብራት ይዞት የቆመን መኪና መስኮት ሰብሮ፣ ወንበር ላይ ያለን ቦርሳ መንጠቅ የታወቀ ነው። ስለዚህ ፓሪስ ላይ ዚፓችሁን ዝጉ። ጆሃንስበርግ ላይ መኪናው ከመንቀሳቀሱ በፊት ቦርሳውን ከኋላ ዕቃ መጫኛው ውስጥ አስገቡት። አንዱ ጥንቃቄ ለሌላው ከተማ ብዙም አይሆንም።

የውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች የሚያወጡትን የጉዞ ማሳሰቢያ አንብቡ። ከላይ ያለውን ማስጠንቀቂያ ብቻ ሳይሆን ሰፈር በሰፈር የተጻፈውን ዝርዝር። ከዚያ እዚያው የሚኖር ሰው ጠይቁ። "ሰፈሩ ሰላም ነው?" ካላችሁ መልሱ "አዎ፣ ሰላም ነው" ይሆናል። ይልቅ እንዲህ በሉ፦ "ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ከሆቴሉ እስከዚያ ምግብ ቤት ብቻሽን በእግርሽ ትሄጃለሽ?" አዎ፣ ሴት ጠይቁ። ካመነታች መልሱን አግኝታችኋል።

ለዚህ ጉዳይ አንድ ምሽት ጨምሩና ከተማዋ ለምን እንዲህ እንደተከፈለች አንብቡ። የገቢ ልዩነትን የሚለካው የጂኒ መለኪያ ከ0 እስከ 100 ይሄዳል። 0 ሁሉም እኩል አገኘ ማለት ነው፤ 100 ሁሉንም አንድ ሰው ጠቀለለው ማለት ነው። በዓለም ባንክ መረጃ ደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ2014 ዓ.ም. 63 ነጥብ ላይ ነበረች፤ ይህም በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ከፍተኛዎቹ አንዱ ነው። ነገሩ ከሰማይ የወረደ አይደለም። በ1950 የወጣ ሕግ ማን የት እንደሚኖር በዘር ወሰነ። ኬፕ ታውን መሀል የነበረው ዲስትሪክት ሲክስ የሚባለው ሰፈር በ1966 "ለነጮች ብቻ" ተባለ። ከ60,000 በላይ ነዋሪዎች ተነቀሉ፤ ቤታቸው በቡልዶዘር ፈረሰ። እነሱም ከከተማው ውጭ ወዳለው አሸዋማ ሜዳ ተወሰዱ። ያ ሾፌር መስኮቱን የዘጋው እዚያ ሜዳ ላይ ስንደርስ ነበር። ይህን ሳላውቅ በዚያ መንገድ ማለፌ ቆጭቶኛል።

2. ገንዘቡንና ወረቀቱን ከፋፍሉ

ሁሉንም ነገር አንድ ቦርሳ ውስጥ አታድርጉ። ሁለት የባንክ ካርድ ካላችሁ አንዱ ከእናንተ ጋር፣ አንዱ ሆቴል ካዝና ውስጥ ይሁን። ለቀኑ የሚበቃ ጥሬ ገንዘብ ብቻ ያዙ፤ እሱንም ከፊት ኪሳችሁ አኑሩት። ዝርዝር ሳንቲምና ትንንሽ ብር ለብቻው በሌላ ኪስ ይሁን። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን ለአንድ ጠርሙስ ውኃ ብላችሁ መንገድ ላይ ሙሉውን የገንዘብ ቦርሳ እንዳትከፍቱ ያደርጋችኋል።

የፓስፖርታችሁን የመጀመሪያ ገጽና ቪዛውን ፎቶ አንሱና ለራሳችሁ በኢሜይል ላኩ። በወረቀትም ፎቶ ኮፒ ያዙ። አንዳንድ አገሮች የውጭ ዜጋ ዋናውን ፓስፖርት ይዞ እንዲሄድ በሕግ ያስገድዳሉ፤ ሌሎች ኮፒ ይበቃቸዋል። ይህን ከመሄዳችሁ በፊት አጣሩ። የአገራችሁ ኤምባሲ እዚያ መኖሩንም እዩ። ከሌለ የትኛው ጎረቤት አገር ያለው ኤምባሲ እንደሚሸፍነው ጻፉና ያዙ፤ ፓስፖርት ቢጠፋ ሊሴ ፓሴ (ጊዜያዊ የጉዞ ሰነድ) የምታወጡት ከዚያ ነው።

የጉዞ ኢንሹራንስ ከገዛችሁ ውሉን አንብቡት፤ በተለይ ትንንሹን ጽሑፍ። ብዙዎቹ ለአንድ ዕቃ የሚከፍሉት ጣሪያ አለው። ብዙዎቹ የፖሊስ ሪፖርት ይጠይቃሉ፤ ቀነ ገደቡም አጭር ነው። ጠባቂ የሌለው ዕቃ ከጠፋ አንከፍልም የሚሉም አሉ።

የወርቅ ሐብልና የእናት ማስታወሻ ቀለበት ቤት ይቅር።

3. ስልኩ ዋናው ነው

እዚህ ጋ ረዘም አድርጌ ልቆይ፤ እኔ የተመታሁት በዚህ ነው።

ባርሴሎና፣ ከቤት ውጭ ጠረጴዛ ያለው ካፌ። ስልኬን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ቡና እጠጣለሁ። አንድ ወጣት ትልቅ ካርታ ይዞ መጣና ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ መንገድ ጠየቀኝ። ትሑት ነበር። ካርታው ላይ አጎንብሼ "እኔም እንግዳ ነኝ" አልኩት። አመሰገነኝ፣ ካርታውን አነሳ፣ ሄደ። ስልኬም ከካርታው ሥር አብሮት ሄደ። ያወቅሁት ለሒሳብ ስነሳ ነው።

ዕቃው መሄዱ ቀላሉ ነበር። በሆቴሉ ኮምፒውተር ኢሜይሌን ልከፍት ስል "ኮድ በስልክዎ ልከናል" አለኝ። ባንኬ ጋ በሰው ስልክ ደወልኩ፤ እነሱም ማንነቴን ለማረጋገጥ ኮድ የላኩት በዚያው በተሰረቀው ቁጥር ነው። የራሴ በር ተቆልፎብኝ ቁልፉ ሌባው እጅ ነበር። ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይህን ነው፦

ሲም ካርዱ ላይ ፒን አስገቡ። የስልኩ መቆለፊያ ብቻውን አይበቃም፤ ሌባው ሲሙን አውጥቶ ሌላ ስልክ ውስጥ ከከተተው የባንክ ኮዶቻችሁ ሁሉ ለእሱ ይደርሳሉ። ስልኩ ሲቆለፍ መልእክት ስክሪኑ ላይ እንዳይነበብም አጥፉት።

ለኢሜይላችሁ የመጠባበቂያ ኮዶች አውጡና በወረቀት ጽፋችሁ ከስልኩ ተለይቶ ያዙ። የባንካችሁን የስልክ ቁጥርና የአንድ የቅርብ ሰው ቁጥርም እዚያው ወረቀት ላይ ጻፉ። የእናታችሁን ቁጥር በቃላችሁ ታውቁታላችሁ? እኔ አላውቅም ነበር።

*#06# ደውሉ። የሚመጣው ባለ 15 አኃዝ ቁጥር የስልኩ መለያ ነው፤ ፖሊስም የስልክ ኩባንያም ይጠይቃችኋል። "ስልኬን ፈልግ" የሚለውን አገልግሎት አብሩና ከመሄዳችሁ በፊት ከሌላ ስልክ ሞክሩት። አይፎን ከ2024 መጀመሪያ ጀምሮ ለስርቆት የሚሆን ተጨማሪ መከላከያ አለው፤ ሌባው የስልኩን ፒን ቢያውቅ እንኳ ዋና ዋና ቅንብሮችን በቀላሉ መቀየር አይችልም። አንድሮይድም በዚያው ዓመት ስልኩ ሲነጠቅ ራሱን የሚቆልፍበት ዘዴ ጨምሯል። ሁለቱም ቅንብር ውስጥ ገብታችሁ መብራታቸውን ማየት አለባችሁ።

ፎቶዎቻችሁን ደግሞ በየማታው ወደ ሌላ ቦታ ገልብጡ። ለጠፉት ፎቶዎች ያለቀስኩትን ያህል ለስልኩ አላለቀስኩም።

4. የምትደርሱበት ቀን

ከቻላችሁ በቀን ድረሱ። ከአውሮፕላን ማረፊያ የሚወስዳችሁን መኪና አስቀድማችሁ ያዙ። በመተግበሪያ ከጠራችሁ ሰሌዳውን አመሳክሩና "ማንን ለመውሰድ ነው የመጣኸው?" ብላችሁ ጠይቁት፤ ስማችሁን እሱ ይጥራ እንጂ እናንተ አትንገሩት። የመጀመሪያው ቀን ድካም አለ። ኤቲኤም ፍለጋ፣ ሲም መግዛት፣ ሰፈር ማሰስ ለነገ ይቆይ።

5. መንገድ ላይ

አብዛኛው የመንገድ ስርቆት አንድ ዘዴ ነው፤ ትኩረታችሁን ሌላ ቦታ መውሰድ። ልብሳችሁ ላይ ፈሳሽ ያፈሳሉ፣ ሌላው "ውይ፣ ልጥረግልህ" ይላል፣ ሦስተኛው ቦርሳውን ይወስዳል። ፊርማ ስጡን ብለው ወረቀት ያስጠጓችኋል። ሜትሮ በር ላይ ድንገት ቆመው ያጨናንቋችኋል። የማታውቁት ሰው በድንገት ከተጠጋችሁና እጁ ላይ ወረቀት፣ ካርታ ወይም ጨርቅ ካለ፣ መጀመሪያ እጃችሁን ኪሳችሁ ላይ አድርጉ፤ ከዚያ መልሱለት። መንገድ የጠፋበት ምስኪን ቢሆን ምንም አልጎዳችሁትም።

ሲቪል የለበሰ ሰው "ፖሊስ ነኝ፣ ገንዘብህን ልፈትሽ" ካለ፣ "ጣቢያ ሄደን አሳይሃለሁ" በሉት። በትሕትና ግን በጥብቅ።

ኤቲኤም ባንክ ውስጥ፣ በቀን፣ ሰው ባለበት ተጠቀሙ። ካርዱ ቢያዝ "ልርዳህ" ከሚል ሰው ራቁ። በሞተር ሳይክል ስልክ የሚነጥቁ ባሉበት ከተማ የእግረኛ መንገዱን የውስጥ ጠርዝ ይዛችሁ ሂዱ። ካርታ ማየት ካለባችሁ ሱቅ ውስጥ ግቡ። ኮሎምቢያ ውስጥ ስኮፖላሚን የሚባል አደንዛዥ ነገር መጠጥ ውስጥ ጨምረው የሚዘርፉ አሉ፤ እዚያም ሌላም ቦታ መጠጣችሁን ትታችሁ አትነሱ፣ ከማታውቁት ሰውም አትቀበሉ።

6. "አምጣ" ከተባላችሁ

ስጡ። ስልኩንም ገንዘቡንም ስጡ። ቢላዋ ወይም ሽጉጥ ያየ ሰው የሚያስበው አንድ ነገር ብቻ መሆን አለበት፤ በሕይወት መውጣት። እጃችሁን አሳዩ። "ከግራ ኪሴ ላወጣ ነው" ብላችሁ ተናገሩና ቀስ ብላችሁ አውጡ። አትከራከሩ፣ አትከተሉ። አንዳንዶች የውሸት ቦርሳ ያዙ ይላሉ፤ እኔ አልመክርም። የነቃበት ዘራፊ ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም።

ከዚያ በኋላ ያለው ሰዓት ቅደም ተከተል አለው። መጀመሪያ ሰው ያለበትና ብርሃን ያለበት ቦታ ግቡ፤ ሱቅ፣ ሆቴል፣ ፋርማሲ። ከተጎዳችሁ ሕክምና ይቀድማል። ቀጥሎ ሲሙን አዘጉ፣ ከዚያ ካርዶቹን፣ ከዚያ ስልኩን ከርቀት ቆልፉ። ከዚያ ፖሊስ። ሌባው ይያዛል ብላችሁ ሳይሆን ሪፖርቱ ለኢንሹራንስም ለኤምባሲም ስለሚያስፈልግ ነው። የሪፖርቱን ቁጥርና ማኅተም ሳትይዙ አትውጡ።

የአስቸኳይ ጊዜ ቁጥሩን አስቀድማችሁ ወረቀታችሁ ላይ ጻፉት። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሁሉ 112 ነው። ደቡብ አፍሪካ ፖሊስ 10111፣ ከሞባይል ደግሞ 112። ብራዚል ፖሊስ 190፣ አምቡላንስ 192። ኮሎምቢያ 123። ሜክሲኮ 911።

አንድ ከባድ ነገር ልጨምር። የመደፈር ጥቃት ከደረሰ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ኤች አይ ቪን የሚከላከለው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት፤ ቶሎ በተጀመረ መጠን ይሻላል። ከተቻለ ገላ ሳትታጠቡ፣ የነበረውን ልብስ በወረቀት ከረጢት ይዛችሁ ሂዱ። ገላውን የታጠበ ሰውም ቢሆን ከመሄድ አይቅር። ክስ የመመሥረቱን ነገር በኋላ መወሰን ይቻላል። ጥፋቱ የተጠቂው አይደለም፤ ስለሄደበት ሰዓትም ስለለበሰው ልብስም ይቅርታ የሚጠይቅበት ምክንያት የለም።

7. እናንተ በፖሊስ ከተያዛችሁ

የቆንስላ ግንኙነትን በሚመለከተው እ.ኤ.አ. የ1963 የቪየና ስምምነት አንቀጽ 36 መሠረት፣ የታሰረ የውጭ ዜጋ ቆንስላው እንዲነገርለት መጠየቅ ይችላል። ጠይቁ። ቆንስላው ከእስር አያስፈታችሁም፣ ጠበቃም አይከፍልላችሁም። ነገር ግን ሊጎበኛችሁ፣ የጠበቆች ዝርዝር ሊሰጣችሁና ለቤተሰብ ሊነግርላችሁ ይችላል። በማትረዱት ቋንቋ የተጻፈ ወረቀት ላይ አትፈርሙ።

8. የተዘረጋ እጅ

ጥንቃቄው እዚህ ላይ ያበቃል፤ ከባዱም የሚጀምረው እዚህ ነው። ድህነትና ሌብነት አንድ አይደሉም። በወንጀል ከሁሉ በላይ የሚጠቃውም ድሃው ራሱ ነው። ይህን ያስተማረችኝ ኬፕ ታውን ያረፍኩበት ሆቴል ክፍሌን የምታጸዳ አንዲት ትልቅ ሴት ናት። ስልክ እንዳልይዝ ሰዎች እንዳስፈራሩኝ ስነግራት አንሶላውን እያነጠፈች ፈገግ አለች። "እኔን ሚኒባስ ስጠብቅ በዚህ ዓመት ሁለቴ ስልኬን ነጠቁኝ፣ ልጄ" አለችኝ። "ንጋት 11 ሰዓት ከቤት እወጣለሁ። ጨለማ ነው። ሌላ መንገድ የለኝም።" ኢንሹራንስ የላትም። የሁለተኛውን ስልክ ዕዳ ገና እየከፈለች ነበር። እኔ ለ10 ቀን የፈራሁትን እሷ በየቀኑ ትሄድበታለች።

ስለዚህ ገንዘባችሁ የት እንደሚገባ አስቡ። ክፍል ለሚያጸዱ ሰዎች ጉርሻ በየቀኑ ተዉ፤ የመጨረሻው ቀን ሌላ ሰው ተረኛ ሊሆን ይችላል። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ደማቅ ሰደርያ ለብሰው መኪና የሚጠብቁ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ ደመወዝ የላቸውም፤ የሚኖሩት ባለመኪናው በሚሰጣቸው ሳንቲም ነው። ያ ለብቻው ያስቀመጣችሁት ዝርዝር ለዚህ ነው። ስትሄዱም ሰላም በሏቸው፤ ስትመለሱ ሰፈሩን ከእነሱ በላይ የሚያውቅላችሁ የለም።

ለሚለምን ሰው መስጠት ወይም አለመስጠት የእናንተ ነው። እኔ ለአዋቂዎችና ለአረጋውያን እሰጣለሁ። ለሕፃናት ጥሬ ገንዘብ አልሰጥም፤ ሲያሳዝነኝም። ብዙ የሚያስገኝ ልጅ ትምህርት ቤት አይላክም፤ ገንዘቡንም የሚሰበስበው ብዙ ጊዜ ማዕዘኑ ላይ የቆመ ትልቅ ሰው ነው። የማትሰጡ ከሆነ ግን አትደበቁ። ዓይኑን አይታችሁ "ይቅርታ፣ ዛሬ የለኝም" በሉ። ሰው እንደ ግንብ ሲታለፍ ያማል።

ለጥቂት ቀን "በጎ ፈቃደኛ" ሆናችሁ የሕፃናት ማሳደጊያ ለመጎብኘትም አትሂዱ። ካምቦዲያ ውስጥ በእነዚህ ቦታዎች ካሉት ልጆች አብዛኞቹ በሕይወት ያለ ወላጅ አላቸው። ጎብኚ ገንዘብ ይዞ ስለሚመጣ ልጅ ከቤቱ የሚወሰድበት ንግድ ሆኗል። መርዳት ከፈለጋችሁ ልጁ ከቤተሰቡ ጋር እንዲቆይ የሚሠራ ድርጅት ፈልጉ።

9. ድሃ ሰፈር ለመጎብኘት

ጆሃንስበርግ ያለው ሶዌቶ፣ ብራዚል ሪዮ ዴ ጄኔሮ ያለው ሮሲንያ፣ የኮሎምቢያዋ ከተማ ሜደዪን ውስጥ ያለው ኮሙና 13፤ ሁሉም ጎብኚ ይገባባቸዋል። መግባት ነውር አይደለም። አገባቡ ግን አለ።

እዚያው ተወልዶ ካደገ አስጎብኚ ጋር በእግራችሁ ሂዱ። ክፍያው ለማን እንደሚደርስ በግልጽ ጠይቁት። በመስኮት ፎቶ እያነሱ የሚያልፉ መኪኖች ላይ አትሳፈሩ። ሪዮ ላይ በተለይ በራሳችሁ መኪና በካርታ መተግበሪያ እየተመራችሁ ወደ ኮረብታዎቹ እንዳትወጡ፤ ታጣቂ ቡድኖች የሚቆጣጠሯቸው መንገዶች አሉ፣ መተግበሪያው ግን አቋራጭ ብሎ ያሳያችኋል። አስጎብኚው "እዚህ ጋ ፎቶ የለም" ሲል ለምን ብላችሁ አትጠይቁ።

የሰው ቤት በር የሰው ቤት በር ነው። ልብስ የተሰጣበት ግቢ፣ ገላዋን የምትታጠብ ሕፃን፣ በር ላይ የተቀመጠች አሮጊት ሳይፈቅዱ አይነሱም። ልጅ ከሆነ ወላጅ ይጠየቃል። እዚያው ምሳ ብሉ፣ እዚያው ግዙ፣ ዋጋ አትከራከሩ።

ሜደዪን ለዚህ ጥሩ ትምህርት ናት። እ.ኤ.አ. በ1991 በዓለም ላይ ሰው በብዛት ከሚገደልባቸው ከተሞች ግንባር ቀደሟ ነበረች። ከተማዋ በ2004 ኮረብታ ላይ ያሉትን ድሃ ሰፈሮች ከሜትሮው ጋር የሚያገናኝ በገመድ የሚሄድ መጓጓዣ ከፈተች። በ2011 ደግሞ ኮሙና 13 ውስጥ ሰው በደረጃ የሚወጣውን ዳገት በኤሌክትሪክ ደረጃ ተካች። ግድያው የቀነሰበት ምክንያት ብዙ ነው፤ መጓጓዣው ብቻውን አላደረገውም። በእነዚያ ካቢኖች ስትሳፈሩ ግን አጠገባችሁ ማን እንደተቀመጠ እዩ። አስቤዛ የያዘች ሴት፣ ዩኒፎርም የለበሰ ተማሪ ታገኛላችሁ። መስመሩ የተሠራው ለእነሱ ነው። የሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ላይ ወንበራቸውን አትያዙ።

10. ከተመለሳችሁ በኋላ

ፒንና የይለፍ ቃላችሁን ቀይሩ፤ በተለይ የሆቴል ኮምፒውተር ከተጠቀማችሁ። የባንክ ሒሳባችሁን ለሁለት ወር ያህል በየሳምንቱ እዩ። የካርድ ሌቦች መጀመሪያ በጣም ትንሽ ገንዘብ አውጥተው ይሞክራሉ፤ ትልቁ ቀጥሎ ይመጣል። የኢንሹራንስ ጥያቄያችሁን የፖሊስ ሪፖርቱን አያይዛችሁ ሳትዘገዩ አስገቡ።

የዚያን ሰፈር ሰዎች ፈቅደውላችሁ ፎቶ አንስታችሁ "እልክላችኋለሁ" ብላችሁ ከነበረ፣ ሻንጣችሁን ሳትፈቱ ላኩላቸው።